ራዲያን ወደ ራዲያ ማዛወር

«ስሜን ከማን ወደ ማን ነው የምታዛውረው?» አለች ራዲያ።

ባሏ አብዱልሀኪም በሩ ላይ ጎንበስ ብሎ ጫማውን እያሰረ ነበርና ቀና አላለም። «ከኢርፋን ወደ አንቺ።»

«ስሙ የኔው አይደል እንዴ?»

«ስሙ ያንቺ ነው። ባለቤቱ ግን እሱ ነው።»

«እሱ ከሞተ ሦስት ዓመቱ» አለችና መልስ ሳትጠብቅ ወደ ስልኳ ዞረች።

እውነቷን እኮ ነው። ቡሬ ላይ ቤት ሲሸጥ ስም ይዛወራል፣ ባጃጅ ሲሸጥ ስም ይዛወራል፤ ይህን የማያውቅ የለም። ስም ራሱ ስሙ ይዛወራል ሲባል ግን ለሰሚው ግራ ነው፤ ስለዚህ ቀስ ብዬ ልንገራችሁ፣ ልጆቼ። ልጃቸው ኢርፋን በሕይወት ሳለ ስልክ ይጠግን ነበር። በገበያ ቀን ደግሞ ከእህል ተራ እስከ በርበሬ ተራ ዋጋ እየጠየቀ ይዞርና፣ ገበሬው ከቀዬው ሳይነሳ የቡሬን ዋጋ እንዲሰማ ብሎ፣ በራሱ ድምፅ ቀርጾ ኢንተርኔት ላይ ያስቀምጥ ነበር። ለድረ ገጹ የእናቱን ስም ሰጠው። ራዲያና ሬዲዮ ምን ይለያቸዋል እያለ ይስቅ ነበር። ስሙን ሲገዛ የገዛው በራሱ ስም ነው፤ ሌላ በማን ይገዛዋል። ከዚያ ኩላሊቱን ታመመና በአርባ ቀኑ ሄደ።

ቤታቸው ሁለት ክፍል ነው። የፊተኛው አብዱልሀኪም ብትን ጨርቅ የሚሸጥበት ሱቅ ነው፣ የኋለኛው መኖሪያ፤ በመካከል ከሱቁ ትራፊ የተሰፋ አረንጓዴ መጋረጃ አለ። ራዲያ ከአልጋው ጫፍ ተቀምጣ ስልኳን ትራሱ ላይ አስደገፈችና በጣቷ ነካችው። «እንደምን አደራችሁ፣ ይህ የራዲያ ገበያ ነው» አለ ኢርፋን። ከኋላው አህያ ይጮሃል፣ አንዲት ሴት «አንሳው፣ አንሳው» ትላለች። «ዛላ በርበሬ ኪሎው መቶ ሰማንያ። ነጭ ጤፍ ኩንታሉ አምስት ሺህ ሁለት መቶ። በቆሎ ሁለት ሺህ አራት መቶ፤ በቆሎ የያዛችሁ ትንሽ ብትቆዩ ሳይሻል አይቀርም።» ራዲያ የዛሬው ጤፍ አሥራ ሦስት ሺህ መግባቱን ታውቃለች። «በዚህ ዋጋማ ኩንታሉን ባስገባነው» አለች ለራሷ፣ ፈገግ ብላ። በየገበያው ቀን ጠዋት አንድ ቅጂ ትሰማለች፤ አንድ ብቻ። ሲያልቁባት ከመጀመሪያው ትጀምራለች። እንደዚህ አድርጋ ልጇን ሦስት ጊዜ ዞራዋለች። አብዱልሀኪም ግን ድምፁ ሲጀምር ይወጣል። አንድም ቀን እስከ መጨረሻው ሰምቶ አያውቅም፣ እሷም ለምን ትወጣለህ ብላው አታውቅም። መጋረጃው እስኪወዛወዝ ትጠብቅና ድምፁን ከፍ ታደርጋለች፤ ይኸው ነው በመካከላቸው ያለው ንግግር።

ከጥቂት ወራት ወዲህ ገጹ ሲከፈት ከላይ በኩል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ይመጣ ነበር። ማስታወቂያ መሰላቸው። ያለፈው ሳምንት ጽሑፉ ወደ ቀይ ሲለወጥ አብዱልሀኪም ልቡ አልወደደውምና ስልኩን ይዞ ፍኖተ ሰላም ሄደ፤ ከኢርፋን ጋር ኮሌጅ የተማረች ህይወት የምትባል ልጅ እዚያ የጽሕፈትና የኮፒ ሱቅ አላት። አንብባ ነገረችው። የስሙ ጊዜ አልፎበታል፣ ጭማሪ ቀን ሰጥተውታል፣ እሱም ሊያልቅ ነው። ለማደስ ባለቤቱ ራሱ መግባት አለበት። ባለቤቱ ከሞተ ስሙን ወደ ሌላ ሰው ማዛወር ይቻላል፤ ለማዛወርም ግን በዚያው በር መግባት ነው። በሩን የሚከፍተው ባለ ስድስት አኃዝ ቁጥር ሲሆን ቁጥሩ የሚላከው ወደ ኢርፋን ስልክ ነው። ድምፁን አውርዶ ለማስቀረትም ያው በር ነው። አብዱልሀኪም ይህን ሲሰማ ደስ ብሎት ነበር። የልጁ ሲም ካርድ ቤት አለ። ራዲያ በመሐረብ ጠቅልላ ከቁርኣኑ ሥር ካስቀመጠችው ወዲህ ማንም ነክቶት አያውቅም፤ የሟች ስልክ አይነካም ብለው ዘመድ እንኳ አላስደወሉበትም። ወደ ቤት ተመልሶ ሲከተው ሲሙ ሞቷል። ዓመት ሙሉ ካርድ ያልተሞላበት ቁጥር ለሌላ ሰው ይሰጣል አሉት። ባይነኩት ያቆዩት መስሏቸው፣ ባለመንካታቸው ጠፋ። ያን ዕለት በገዛ ስልኩ የልጁን ቁጥር ደወለ። ጠራ። ያነሳችው ታንጉት የምትባል የጅጋ ገጠር ሴት ናት። «በገበያ ቀን ከወፍጮ ቤቱ ግንብ ሥር ነኝ፣ ይምጡ» አለችው። የገበያው ቀን ዛሬ ነው። ጭማሪው ቀንም የሚያልቀው ዛሬ ነው።

ከቡሬ የተሳፈረባት ሚኒባስ ማንኩሳ ላይ ሰውና ዶሮ ጨምራ ፍኖተ ሰላም ስትደርስ ሦስት ሰዓት ተኩል ሆኗል። የህይወት ሱቅ ከመናኸሪያው ጀርባ ናት፤ ሁለት ኮምፒውተር አላት፣ አንደኛው በጨርቅ ተሸፍኗል። ኮፒ አንድ ገጽ አምስት ብር የሚል ወረቀት ከግድግዳው ላይ ይታያል፤ አምስቱ በሌላ ቀለም የተደረበ ነው። ማመልከቻ የሚያስጽፍ ሰውዬ ወንበሩን ለቀቀለት።

«ይኸው አባባ» አለች ህይወት ወደ መስኮቱ እያመለከተች። «ሁሉን ሞልቼ ጨርሻለሁ። የቀድሞ ባለቤት ኢርፋን አብዱልሀኪም፣ አዲስ ባለቤት ራዲያ አብዱሰመድ። የሚዛወረው ስም ራዲያ። እስከ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ነው ያለን። ከዚያ በኋላ ስሙ ለማንም ክፍት ነው፤ ቻይናም ይግዛው ሕንድ።»

«ቻይና ራዲያን ምን ያደርጋታል?» አለ ባለማመልከቻው።

«ቁማር ያስተዋውቅባታል።»

ሰውዬው ሊስቅ ብሎ የአብዱልሀኪምን ፊት ሲያይ ተወው። ህይወትም አፍራ ጉሮሮዋን ጠረገች። «ጠዋት እንደገባሁ ይሠራ እንደሆነ ‹ቁጥር ላክ› የሚለውን ነክቼ አይቼዋለሁ፣ ልኬአለሁ ይላል፤ ስለዚህ ደኅና ነው። እርስዎ ሴትዮዋ ዘንድ ሲደርሱ ይደውሉልኛል፣ እኔ እነካለሁ፣ ቁጥሩ እሷ ስልክ ላይ ይመጣል፣ እርስዎ ያነቡልኛል። አሥር ደቂቃ ብቻ ነው የሚቆየው። ሦስት ጊዜ ከተሳሳትን ደግሞ እስከ ነገ ይዘጋል። ቀስ ብለው ያንብቡልኝ፣ እሺ አባባ?» እሺ አላት። ሻይ ልጋብዝዎት ብትለው መኪናው እንዳያመልጠው ብሎ ወጣ። ከሱቁ ሲወጣ ጠዋት ከመጋረጃው ጀርባ የሰማት «እንደምን አደራችሁ» የምትለው ድምፅ ጆሮው ውስጥ ነበረች። ከዚያ ወዲያ ያለውን አያውቀውም። ዛሬ ይህ ነገር ቢሳካ፣ በሚቀጥለው ገበያ ቀን አልወጣም፣ ቁጭ ብዬ እሰማለሁ ብሎ አሰበ።

ጅጋ ገበያው ሞልቶ እስከ አስፋልቱ ፈስሶ ነበር። ከወፍጮ ቤቱ ግንብ ሥር ነጭ ሽንኩርት የዘረጉ ሴቶች ብዙ ናቸው። ማንኛዋ እንደሆነች ስላላወቀ ደወለ። በስልኩ መስታወት ላይ «ኢርፋን» የሚለው ስም ከነፎቶው ወጣ፤ ሰርዞት አያውቅማ። ከሦስት እርምጃ ወዲያ ከአንዲት ጠይም ሴት ቀሚስ ሥር ስልክ ጮኸ። ሴትዮዋ አፈር የነካ እጇን በነጠላዋ ጠርጋ አውጥታ ጆሮዋ ላይ ስታደርገው ዓይን ለዓይን ተያዩ።

«አንቱ ነዎት የኢርፋን አባት?» አለች፣ ስልኩ ጆሮዋ ላይ እንዳለ።

«እኔ ነኝ።»

ታንጉት ጆንያ አጥፋ አነጠፈችለት። ሁለቱ የአንድ ዘመን ሰዎች ናቸው። መጀመሪያ ስለ ጤና፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ማዳበሪያው መዘግየት ተጠያየቁ። ከዚያ እሷ ነገሩን ራሷ አነሳችው። «ሁለት ዓመት ሙሉ ኢርፋን ስባል ኖርኩ። ይደውሉና ‹ኢርፋን፣ በርበሬ ስንት ነው?› ይሉኛል። መጀመሪያ ተሳስታችኋል እል ነበር። ኋላ ሰለቸኝና የጅጋውን ዋጋ እነግራቸው ጀመር።»

«የጅጋውን?»

«የቡሬውን ከየት ላምጣላቸው? ዋጋ ፈልገው ደውለው ባዶ እጃቸውን ከሚሄዱ ብዬ ነው። ሲመርቁኝ ‹ተባረክ ልጄ› የሚሉኝ አሉ፤ ድምፄ ወፍራም ነው።» ሳቀችና፣ ሰውዬው አብሯት አለመሳቁን አይታ ሳቋን ሰበሰበች። «የትስ ነው ያለ፣ ልጅዎ? አዲስ ቁጥር አወጣ?»

በስልክ አልነገራትም ነበር። አሁን ነገራት። ታንጉት እጇን ደረቷ ላይ አደረገች፤ ነጭ ሽንኩርት ሊገዛ የጎነበሰውን ሰው በእጇ መለሰችው። «ነፍስ ይማር» አለች፤ ቆይታ ደግሞ፣ «እኔ በሞተ ሰው ስም ስጠራ።» ለማታውቀው ልጅ እንባዋ መጣ። አብዱልሀኪም ወደ ወፍጮ ቤቱ በር አየ። ከዚያ የመጣበትን አስረዳት፤ ባለ ስድስት አኃዝ ቁጥር እንደሚመጣና እሱን እንደሚፈልግ።

«ቁጥር ሲመጣብሽ ለማንም እንዳትናገሪ፣ ሌባ ነው ብሎኛል ልጄ» አለች። ከላይ እስከ ታች አየችው። «አንቱ ሌባ አይመስሉም። ሌባስ ቢሆኑ ይህን ያህል መንገድ መጥተው ሽንኩርት መካከል አይቀመጡም። ይኸው፣ እንኩ።»

ስልኳ ባለ ቁልፍ ነው፣ ጥቁር፣ ጀርባው በላስቲክ የታሰረ። አብዱልሀኪም በራሱ ስልክ ለህይወት ደወለ፣ ህይወት ነካች። ጠበቁ። ምንም አልመጣም። ህይወት እንደገና ነካች። ልኬአለሁ ይላል አለች። አብዱልሀኪም መነጽሩን አውጥቶ የታንጉትን ስልክ ወደ ዓይኑ አቀረበ። ከማዕዘኑ ላይ ትንሽ ፖስታ ብልጭ ጥፍት ትላለች። ሱቁ ውስጥ እሱም እንዲህ ያለ ስልክ ነበረውና ያውቃታል፤ ሳጥኑ ሞልቷል ማለት ነው። አንዱ ካልወጣ ሌላው አይገባም።

«አንዱን መልእክት ማጥፋት ይኖርብናል» አላት።

ታንጉት ስልኩን ከእጁ ወሰደችው። አልነጠቀችውም፤ በቀስታ ነው የወሰደችው። «የሚጠፋ ነገር የለበትም» አለች። «ማስታወቂያውን ሁሉ ሰፈራችን ያለችው ባለሱቅ ታጠፋልኛለች። የቀሩት የልጄ የባምላኩ ናቸው።» ባምላኩ አዲስ አበባ የቀን ሥራ ይሠራል። በየሁለት ሳምንቱ ይጽፍላታል፣ ባለሱቋ ታነብላታለች፣ እሷ በቃሏ ትይዘዋለች። ከስምንት ወር ወዲህ ግን አልጻፈም። ሲደወልለትም ‹የደወሉላቸው ደንበኛ አይገኙም› ትላለች የስልኩ ሴትዮ። ይህን ስትናገር ድምጿ አልተለወጠም፤ የነጭ ሽንኩርቱን ራስ ከራስ እያስተካከለች ነው። አብዱልሀኪም እንዴት ብሎ ይጠይቃት? የልጄን ድምፅ ላተርፍ የልጅሽን ቃል ስጪኝ ይበላት? አሥር ደቂቃው እያለፈ ነው፤ ህይወት በስልኩ ውስጥ «አባባ? አባባ?» ትላለች። እሱ ግን መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ያብስ ጀመር፣ መሄጃው እንደደረሰ ሰው።

«ድምፁ ነው ያሉኝ?» አለች ታንጉት በድንገት።

«አዎ። እናቱ በየገበያው ቀን ትሰማዋለች።»

«ዋጋ ሲናገር?»

«ዋጋ ሲናገር።»

አሰበች። ከዚያ ስልኩን መልሳ ዘረጋችለት። «ሃምሳ ነው የሚይዘው ብላኛለች ባለሱቋ። አብዛኞቹ ‹እማዬ ደህና ነሽ› ናቸው፤ ይደጋገማሉ፣ ከነሱ አንዱ ቢወጣ አልሞትም። ደግሞ ‹ደህና ነኝ› የምትል አንዲት አለች። እሱ ሁልጊዜ እኔን ይጠይቃል እንጂ ስለ ራሱ አይናገርም፤ አንድ ቀን ብቻ ነው ደህና ነኝ ያለኝ። እሷን እንዳይነኳት።»

«አልነካትም፣ እህቴ» አለ አብዱልሀኪም።

ሳጥኑን ከፈተ። ልጁ አማርኛውን የጻፈው በእንግሊዝኛ ፊደል ነው፤ አብዱልሀኪም ይህን ፊደል የሚያውቀው ከጨርቅ ጥቅል ላይ ነው፣ እያንዳንዱን እየቆጠረ ያነባል። መስታወቷ ጠባብ ስለሆነች የመልእክቱን መጀመሪያ ብቻ ነው የምታሳየው፤ ቀሪው በሦስት ነጥብ ይቆረጣል። እማዬ ደህና ነ... እማዬ ደህና ነ... እማዬ ብር ል... እማዬ ደህና ነ... ብዙ ናቸው፣ እንዳለችው። ፀሐዩ መስታወቱ ላይ ያንጸባርቃል፣ ሰው እየመጣ ዋጋ ይጠይቃል፣ ህይወት «ሳይዘጋብን» ትላለች። ጠቋሚው ከላይኛው ላይ ቆሟል። እማዬ ደህና ነ... ከነዚህ ከብዙዎቹ አንዱ ነው ብሎ ነካው። እርግጠኛ ነህ ወይ ብሎ ስልኩ ጠየቀ፤ እንደዚያ ብሎ መጠየቁን ያወቀው ከልማድ ነው። እርግጠኛ ነኝ ብሎ ነካ። ጠፋ።

ወዲያው ስልኳ ተንቀጠቀጠ። ስድስት አኃዝ። አብዱልሀኪም አነበበ፣ ህይወት መታች። «ስህተት ነው ይላል። እንደገና ያንብቡልኝ።» እንደገና አነበበላት። የመታችው ያው ነው፣ ማሽኑ ግን ስህተት ነው ብሏል። «ሌላ ልላክ» ብላ ነካች። እሱ የመጀመሪያውን ቁጥር አጠፋው፤ ቦታ ሲገኝ ሁለተኛው ቁጥር ገባ። አነበበ። ስህተት። ህይወት አሁንም ነካች፤ ሁለተኛውን አጠፋ፣ ሦስተኛው ገባ። ታንጉት ሽንኩርቷን ትታ በጉልበቷ ተንበርክካ መስታወቱን ታያለች፤ ማንበብ አትችልም፣ ግን ቁጥሩን በከንፈሯ ትከተላለች። አብዱልሀኪም ሦስተኛውን አንድ በአንድ፣ ለሕፃን እንደሚነገር፣ ተናገረው።

በስልኩ ውስጥ ከህይወት ሱቅ የኮፒ ማሽኑ ድምፅ ይሰማል።

«ተዘጋ፣ አባባ።»

«እስከ ነገ?»

«እስከ ነገ።» ከዚያ፣ ድምጿ እየወረደ፣ ነገሩን ገና ለራሷ እያወቀችው፣ «ቁጥሮቹ ወረፋ ይዘው ነበር ማለት ነው። የመጀመሪያው ጠዋት የሞከርኩት ነው፤ ሌሎቹ ደግሞ ቅድም የነካኋቸው። አዲስ ሲላክ የፊተኛው ይሞታል። እኔ ነኝ በላይ በላዩ የነካሁት። እጄን ሰብስቤ ብቀመጥ ኖሮ ሦስተኛው ይከፍተው ነበር።»

«አንቺ ምን አደረግሽ፣ ልጄ» አላት። ስልኩን ከዘጋ በኋላም ከጆሮው ላይ አላወረደውም።

ታንጉት ሳይነግሯት አወቀች። ተነስታ አቧራዋን አራገፈች፣ ተመልሳ ተቀመጠች። ለመጣ ሰው ግማሽ ኪሎ መዘነችለት፣ በኪሎ ሦስት መቶ አርባ ሒሳብ፤ ሰውዬው ሦስት መቶ ሃያ ይሁን አለ፣ እሺ አለችው። ሌላ ቀን ቢሆን እሺ አትልም። ከዚያ ወደ አብዱልሀኪም ዞር አለች። «ከመጡ አይቀር» አለች፣ ውለታ እንደሚጠይቅ ሰው አንገቷን ዘንበል አድርጋ፣ «ያቺን ደህና ነኝ የምትለዋን ያንብቡልኝ። ባለሱቋ ያኔ ካነበበችልኝ ወዲህ አልሰማኋትም። የመጨረሻዋ እሷ ናት።»

የመጨረሻዋ። አብዱልሀኪም በዚህ ቃል ላይ ቆመ። እንዲህ ባለ ስልክ ላይ የመጨረሻ የመጣ ከሁሉ በላይ እንደሚቀመጥ ያውቃል። እሱ ያጠፋው የላይኛውን ነው።

ሳጥኑን ከፈተ፤ አሁን የሚያጣድፈው የለም። አንድ በአንድ እየከፈተ እስከ መጨረሻው ፊደል አነበበ። ደህና ነሽ። ደህና ነሽ። ብር ልኬአለሁ። ደህና ነሽ። ዝናብ ዘነበ ወይ። ለፋሲካ አልመጣም። ደህና ነሽ። አርባ ዘጠኙንም አነበበ። ላቡ ከመነጽሩ ሥር ወርዶ ዓይኑን አቃጠለው። ልጆቼ፣ ሰው በዚህ ሰዓት እውነቱን ይናገራል ወይስ አይናገርም የሚለውን ለናንተ እተወዋለሁ፤ እኔ እሱን ሆኜ አልነበርኩም። ታንጉት ጆሮዋን አዘንብላ፣ ነጠላዋን ከጆሮዋ ላይ ገለጥ አድርጋ እየጠበቀች ነው። «ደህና ነሽ» የሚለውን አንዱን መስታወቱ ላይ ክፍት እንዳለ ያዘና፣ «እማዬ፣ ደህና ነኝ» አለ።

ዓይኗን ጨፈነች። «እንደገና።»

«እማዬ፣ ደህና ነኝ።»

«አዎ፣ እንደሱ ነው» አለች፤ ስልኩን ተቀብላ በላስቲኩ አሥራ ቀሚሷ ሥር አስገባችው። ወዲያው ጮኸ። መልሳ አወጣችው። «አይ፣ ኢርፋን የለም» አለች፣ አብዱልሀኪምን በጎን እያየች። «የጅጋውን ግን እነግርዎታለሁ። ዛላው አራት መቶ ስልሳ ነው። አዎ። እግዜር ይስጥልኝ።» ሲነሳ ሁለት እፍኝ ነጭ ሽንኩርት በፌስታል ቋጠረችለት፤ ገንዘብ ሊያወጣ ሲል እጁን ያዘችው። «ለእናቱ ነው» አለች።

ሲመለስ ሚኒባሷ ፍኖተ ሰላም ላይ ቆማ ሰው ጫነች። የህይወት ሱቅ ከመስኮቱ ይታያል፤ በሩ ገርበብ ብሏል። አልወረደም። ማንኩሳን ካለፉ በኋላ ዝናብ ጀመረ። ቡሬ ሲደርስ የመግሪብ አዛን ተብሏል፣ ሱቆች መብራት አብርተዋል። ሰዓቱን አላየም፤ አሥራ ሁለት ሰዓት ማለፉን ሰማዩ ነገረው።

ራዲያ ጸሎቷን ጨርሳ ምንጣፉ ላይ ነበረች። ፌስታሉን ተቀብላ ከፈተችና ሸተተችው። «ጥሩ ነው። ስንት ገዛኸው?»

«ጅጋ ላይ ኪሎው ሦስት መቶ አርባ ነው» አለ አብዱልሀኪም። «ሦስት መቶ ሃያም ይሰጣሉ።» ከዚያ ጨመረበት፣ «ዛላ በርበሬ አራት መቶ ስልሳ።»

ቀና ብላ አየችው። እሱ እርጥብ ኮቱን ከሚስማሩ ላይ ሰቀለ፣ ተመልሶ ደግሞ አስተካክሎ ሰቀለው።

«አዛወርከው?» አለች።

«አዛወርኩት።»

«በማን ስም?»

«በስምሽ።»

«እንግዲህ የራሴ ነኝ» አለች፤ ሳቅ ብላ ስልኳን ከትራሱ ሥር አወጣች። የዛሬውን ጠዋት ሰምታለች፣ በቀን ከአንድ በላይ አትሰማም፤ ለዛሬ ግን ደንቡን ልታፈርስ ነው። አብዱልሀኪም እንደ ልማዱ ወደ መጋረጃው አንድ እርምጃ ሄደና ቆመ። ተመልሶ ከአጠገቧ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። በሦስት ዓመት ውስጥ እንዲህ ሲቀመጥ የመጀመሪያው ነው፤ ራዲያም አውቃው ትንሽ ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችለት። ነካች። ገጹ ነጭ ሆነ፤ መሐል ላይ ትንሽ ክብ ትዞራለች። ቀዩ ጽሑፍ የለም። ሌላም የለም። ጠበቀች፣ እንደገና ነካች። ክቧ ትዞራለች።

«ኔት የለም» አለች።

«የለም» አለ።

«ያን ጊዜ ከሁሉም ቤት ኔት ሲጠፋ ስንት ወር ቆየ?»

«ብዙ ወር።»

«መጣ ግን» አለች ራዲያ። «ኋላ መጣ። ይመጣል።» ስልኳን አላጠፋችውም። ክቧ እየዞረች፣ መስታወቱን ወደ ላይ አድርጋ በሁለቱ መካከል ብርድ ልብሱ ላይ አስቀመጠችው። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይመታል። ሁለቱም ብርሃኗን እያዩ ብዙ ቆዩ። ከዚያ እጇን ዘርግታ የሸሚዙን እጅጌ ዳሰሰች፤ እርጥብ ነው።

«ትንቀጠቀጣለህ» አለች። «ደህና ነህ?»

አብዱልሀኪም ያቺን ቃል አፉ ውስጥ ትንሽ አቆያት።

«ደህና ነኝ» አላት።